ሦስት እግር ስላለው ብቻ ጸንቶ አይቆምም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዘመዳችን ኒካሕ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ አያታችንን መሐል አስቀምጦ ፎቶግራፍ ተነሣ። አንሺዎቹ እኛ ነበርን። ካሜራውን በርካሽ በገዛነው ትራይፖድ ላይ አቆምነው፤ የመሐሉን ዘንግ እስከ መጨረሻው መዘዝነው፤ ቁልፉንም በጣታችን ተጫንን። የክፍሉ ብርሃን ደካማ ስለነበር ካሜራው ግማሽ ሰከንድ ያህል ተከፍቶ መቆየት ነበረበት። በዚያች ቅጽበት ትራይፖዱ ተንቀጠቀጠ፤ የሁሉም ፊት ተድበሰበሰ። አያታችን በዚያው ዓመት ወደ አኼራ ሄዱ።

ትራይፖድ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ በቅድሚያ ምን እንደምታነሡበት ለዩ። በስልክ ብቻ ለሚያነሣ ቤተሰብ ስልክ መያዣ ያለው ትንሽ ትራይፖድ ይበቃዋል። ካሜራ ያለው ግን የካሜራውንና የሌንሱን ክብደት ይደምር። ሁለቱ 1.5 ኪሎ ቢመዝኑ ቢያንስ 3 ኪሎ የሚችል ትራይፖድ ይምረጥ።

ቀጥሎ እግሮቹን ተመልከቱ። አራትና አምስት ቦታ የሚታጠፍ እግር ሲሰበሰብ ያጥራል፤ ለመያዝም ይመቻል። ነገር ግን የታችኛው ክፍል ስለሚቀጥን በቀላሉ ይወዛወዛል። የመሐሉ ዘንግ ሳይመዘዝ እስከ ዓይናችሁ የሚደርስ ቢሆን ይመረጣል። አሉሚኒየም ዋጋው ይቀንሳል፤ ካርቦን ፋይበር ይቀላል፣ ግን ይወደዳል። በመኪና ተጭኖ ወደ ሠርግ ቤት ለሚሄድ አሉሚኒየሙ በቂ ነው። ተራራ ለሚወጣ ተጓዥ ግን የክብደቱ ልዩነት ይሰማዋል።

ካሜራው የሚታሰርበት ራስም ዓይነት አለው። ኳስ ያለው ራስ በአንድ ማጥበቂያ በየአቅጣጫው ስለሚዞር ለፎቶ ይፈጥናል። ቪዲዮ ለሚቀርጹ ወጣቶች ግን እጀታ ያለውና በዝግታ የሚዞረው፣ ፍሉይድ የሚባለው ራስ ይሻላል።

ከሱቅ ሳትወጡ እግሮቹን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ አጥብቁና ከላይ በመዳፋችሁ ጫን በሉት። ከተንሸራተተ ወይም ከተወላገደ ተዉት። ቤት ስትደርሱም ወፍራሞቹን የእግር ክፍሎች አስቀድማችሁ ዘርጉ፤ የመሐሉን ዘንግ የግድ ካልሆነ አትምዘዙ። ፎቶ ስታነሡ ካሜራውን ከ2 ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሣ አዘጋጁት፤ የጣታችሁ ንቅናቄ እስኪበርድ ጊዜ ያገኛል።

ያንን ፎቶ እስከ ዛሬ አልጣልነውም። የአያታችን ሻሽ ቀለም ይታያል፤ ፈገግታቸው ግን አይለይም።