አንድ ሱቅ፣ አንድ ኮድ



ቴሌብር ከመጣበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ስልክ አስጠግቶ፣ የሚስጥር ቁጥር መትቶ ዳቦ መግዛት ለወጣቱ ቀርቶ ለአዛውንቶቻችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ዝርዝር ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መንከራተት ቀንሷል። የተቀደደ ብር ይዞ መጨቃጨቅም እንዲሁ። ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን በየመስኮቱ ስለሚለጠፈው ወረቀት ልንነጋገር ይገባል።

አንዳንዱ ሱቅ በር ላይ ሦስት አራት ኮድ ተደርድሯል። አንዱ የቴሌብር፣ ሌላው የዚህ ባንክ፣ ሌላው የዚያ ባንክ። ታዲያ ከአራቱ መሐል አንድ ሌባ ማታ መጥቶ አምስተኛ ቢለጥፍ፣ ወይም በአንዱ ላይ የራሱን ቢደርብበት ማን ያስተውላል?

ኪው አር ኮድ የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓኑ መሐንዲስ ማሳሂሮ ሃራና ባልደረቦቹ ሲፈለስፉት ለመኪና ዕቃ መቆጣጠሪያ እንጂ ለገንዘብ ብለው አልነበረም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት በውስጡ የያዘው የተቀባዩን መለያ ነው። የሰው ዓይን አያነበውም። ማተሚያ ያለው ሁሉ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ የሄደው ወደ ጉልቷ እናት ይሁን ወደ ሌላ፣ ወረቀቱን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ገዢው «ከፍያለሁ» ይላል፣ እሷ «አልደረሰኝም» ትላለች። ጠቡ በሁለት ንጹሐን መሐል ይሆናል፤ የቀን ገቢዋ ግን ሄዷል።

ይህ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአሜሪካ በኦስቲን ከተማ ከሃያ በሚበልጡ የመኪና ማቆሚያ መክፈያዎች ላይ የሐሰት ኮድ ተለጥፎ ተገኝቷል። የቻይና ማዕከላዊ ባንክም ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ በወረቀት ኮድ የሚከፈለውን በቀን ከ500 ዩዋን እንዳይበልጥ ወስኗል።

መፍትሔው የጋራ ደረጃ ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የብዙ ድርጅቶችን ኮድ በአንድ ወረቀት አጠቃለለች፤ ኢንዶኔዥያም ከ2020 መጀመሪያ አንስቶ አንድ ብሔራዊ ኮድ ግዴታ አደረገች። «ይህ ፉክክርን ይገድላል» የሚሉ አሉ። እንዴት ሆኖ? የኤቲኤም ካርዳችን በኢትስዊች አማካይነት በሌላ ባንክ ማሽን መሥራት ሲጀምር የትኛው ባንክ ተዘጋ? ባንኮች በአገልግሎት ይፎካከሩ እንጂ በግድግዳችን ላይ አይፎካከሩ። በር ላይ አንድ ብቻ መኖር እንዳለበት ከታወቀ፣ ሁለተኛው የታየ ዕለት ሕፃን ልጅም «ይሄ ምንድነው?» ይላል።

እስከዚያው ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የሚከተለውን ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፦

1ኛ/ ባለሱቆች ኮዱን ከውጭ ግድግዳ አንስታችሁ ከባንኮኒው ውስጥ፣ ከመስታወት ሥር አድርጉት። ጠዋት ስትከፍቱ በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት፤ የማን ስም ይወጣል?

2ኛ/ ገዢዎች የሚስጥር ቁጥር ከመምታታችሁ በፊት ስልኩ ላይ የወጣውን ስም ጮክ ብላችሁ ለሻጩ አንብቡለት። «አበበች ነሽ?» ማለት ምን ነውር አለው?

3ኛ/ ሻጩ ከገዢው ስልክ ላይ በሚታየው ጽሑፍ አይመን፤ በራሱ ስልክ መልእክት ሲደርሰው ብቻ ዕቃውን ያስረክብ።

4ኛ/ የዕድርና የማኅበር መዋጮ የሚሰበሰብበት ኮድ አንድ ብቻ ይሁን፤ የተቀባዩ ስምም በዚህ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ተነጋግሮ እንዲወስን፣ የጋራ ኮድ ጉዳይም በማኅበሩ ስም ለባንኮቻችን በጽሑፍ እንዲቀርብ አሳስባለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ ዘረፋ ደርሶ ከመጯጯህ በፊት ዛሬ እንምከር።

ከሠፈሩ ነዋሪ አንዱ