የፋብሪካ አመድ ሳይመረመር ጓሯችን አይግባ

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንደምታውቁት ባለፈው ክረምት ማኅበራችን ለጋራው የጎመን መደብ ከአንድ ፋብሪካ ሦስት ጋሪ አመድ በነፃ ተቀብሏል። ማዳበሪያው ተወዶብን ስለነበር ደስ ብሎን ሁለቱን ጋሪ በተንነው። አሁን ደግሞ «አሥር ጋሪ እንጨምርላችሁ» ተብለናል። እኛ ግን አይሆንም እንላለን። በፊትም ሳንጠይቅ መቀበላችን የኮሚቴው ጥፋት ነው እንጂ ያመጣልን ጎረቤት ጥፋት አይደለም።

አንዳንድ እናቶች «አመድ ያው አመድ አይደል ወይ? ስንት ዘመን ስንበትነው ኖረን!» ይሉናል። እውነት ነው፤ የምድጃ አመድ በልኩ ከሆነ ለኮምጣጣ አፈር ይበጃል። ይሄኛው ግን የድንጋይ ከሰል አመድ ነው። የድንጋይ ከሰል ጨረር የሚሰጡ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ራዲየም በጥቂቱ ይዞ ከመሬት ይወጣል። ሲነድ ከሰሉ በጢስ ይሄዳል፤ እነሱ ግን አብዛኛዎቹ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ በአመዱ ውስጥ ከከሰሉ እስከ 10 እጥፍ ሊጠራቀሙ ይችላሉ።

ሰው ለማስደንገጥ አይደለም የምንጽፈው። የብዙ ቦታ የከሰል አመድ ጨረር ከተራ አፈርና ድንጋይ ብዙም አይርቅም። ተክልም በሥሩ የሚስበው ጥቂቱን ነው። ነገር ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ቶሪየም አፈሩን ሙጭጭ ይላል፤ ራዲየም ግን ጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ወደ ተክሉ ይገባል፣ በበላውም ሰው አጥንት ላይ ያርፋል። ግማሹ እስኪጠፋ 1600 ዓመት ይፈጃል። ከጨረሩም ሌላ አመዱ አርሴኒክ ሊኖረው ይችላል፤ ቦሮን ከበዛበትም ቡቃያውን ያቃጥላል።

አመድ እንደ ከሰሉ ይለያያል፤ የኛን ደግሞ ማንም አልመረመረውም። አንዴ ከአፈር ከተደባለቀ እንደ ጤፍ ለቅመን አናወጣውም። ጎመኑን የሚበሉት የራሳችን ልጆች ናቸው፤ ጉልት ወስደን የምንሸጠውም ለጎረቤት ነው።

ስለሆነም አስተያየታችን ይሄ ነው፦ ከአመዱም ከመደቡም አፈር ናሙና ተወስዶ ጨረርና የአፈር ጉዳይ ለሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይቅረብ። ወጪው ከማኅበሩ ካዝና ይከፈል። ውጤቱ እስኪመጣ ከዚያ መደብ ጎመን አይቀጠፍ። የቀረው ክምር በሸራ ይሸፈን፣ ልጆችም አይጫወቱበት። ለአፈሩ ፍግና ብስባሽ አለን፤ ከየቤቱ የሚጣለው የአትክልት ልጣጭ ብቻ ቢጠራቀም ብዙ ነው።

«ካዝናው ባዶ ነው» የምትሉ አባላት አላችሁ። እናውቃለን፣ ሒሳቡን የምንይዘው እኛ ነን። ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በመጪው ስብሰባ ተገኝታችሁ ሐሳባችሁን ስጡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ