ያልገባው ማን ነው?

«ሕዝቡ ስላልገባው ነው» የምትል አባባል አለች። ባለሥልጣን ሁሉ በኪሱ ይዟት ይዞራል። የሊቱዌኒያ ሕዝብ በ2012 (ዘመኑን በአውሮፓውያኑ ነው የምቆጥረው) በቪሳጊናስ ሊሠራ የታሰበውን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ «አንፈልግም» ካለ በኋላ፣ ያንን የጋራ ፕሮጀክት የገደለው እሱ ነው የሚሉ ሞልተዋል። ውሸት ነው። ሕዝቡ የቀበረው ሬሳ ነው።

ነገሩ በ2006 ተጀመረ። የሊቱዌኒያ፣ የላትቪያና የኢስቶኒያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አብረን እንሥራ አሉ፤ ፖላንድም በዚያው ዓመት ተቀላቀለች። ምክንያታቸው የዋዛ አልነበረም። የቼርኖቤል ዓይነት ሬአክተር የነበረው ኢግናሊና፣ ለአውሮፓ ኅብረት በተገባ ቃል መሠረት በ2009 የመጨረሻ ቀን ተዘጋ። ኤሌክትሪክ ትሸጥ የነበረችው ሊቱዌኒያ ሸማች ሆነች።

መንግሥታቱም መከሩ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ መከሩ። እስቲ አስቡት፤ አራት ጎረቤቶች አንድ ላም በጋራ ሊገዙ ተቀምጠው ጨዋታው ሁሉ ወተቱን ማን ስንት ይውሰድ ቢሆንና፣ አዛባውን ማን እንደሚዝቅ ሳይነሳ ቢመሽስ? በጁላይ 2011፣ ፉኩሺማ በደረሰ በአራተኛው ወር፣ የጃፓኑ ሂታቺ ተመረጠ። በዲሴምበር ፖላንድ ጥላ ወጣች። ላትቪያና ኢስቶኒያም ቁርጡን አልተናገሩም። ሕዝቡ የተጠየቀው መቼ ነው? በኦክቶበር 2012! ትልቋ ሸሪክ ከሄደች አሥር ወር ሆኗት ነበር።

በቋንቋችን «መከረ» የሚለው ግሥ ሁለት ፊት አለው። አንዱ አብሮ መነጋገር ነው፣ ሌላው መገሠጽ። ለሕዝቡ የደረሰው ሁለተኛው ነው። ከመራጩ ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆነው እምቢ ቢልም ድምፁ አስገዳጅ አልነበረም፤ ዕቅዱ እስከ 2016 ሲንጠለጠል ቆይቶ ነው ወደ መደርደሪያ የተመለሰው።

«ታዲያ ቤላሩስ ሠርታ የለም እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ከቪልኒየስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ኦስትሮቬትስ ላይ ሠራች፤ በኖቬምበር 2020 ኃይል መስጠት ጀመረ። ሕዝበ ውሳኔ ብሎ ነገር አልነበረም። ድንበር ተሻጋሪ የአካባቢ ተጽዕኖን የሚመለከተው የኤስፖ ስምምነት አባል አገሮችም በ2019 ቤላሩስ ስምምነቱን አላከበረችም አሉ። አሉ፤ ጣቢያው ግን ቆሟል። ሕዝብን መጨረሻ ላይ የጠየቀውን ነቅፎ ጭራሽ ያልጠየቀውን ማመስገን ምን የሚሉት ሙግት ነው?

ወሬው የሩቅ አገር እንዳይመስላችሁ። ኦስትሮቬትስን የሠራው ሮስአቶም በ2025 ከእኛም መንግሥት ጋር ስለ ኑክሌር ጣቢያ ተፈራርሟል። እኔ ኤሌክትሪክ ጠል አይደለሁም፤ ይህንንም የምጽፈው መብራት በሄደበት ማታ በሻማ ነው። ግን ዋጋው ስንት ነው? ብድሩን ማን ይከፍላል? ዝቃጩስ የት ይቀመጣል? መልሱን አሁን፣ ቦታው ሳይቆፈር፣ በጽሑፍ ያውጡልን። ያኔ ካልገባን እንነጋገራለን።