«ስፓም ውስጥ ይፈልጉት» መልስ አይደለም

ለትምህርት ዕድል በድረ ገጽ ያመለከተ፣ የክፍያ ማረጋገጫ የሚጠብቅ ወይም የይለፍ ቃሉ ጠፍቶት አዲስ የጠየቀ ሰው ቢሮ ሲደውል የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «ልከናል፤ ስፓም ውስጥ ይፈልጉት»። ስፓም ውስጥም የለም። ኢሜይሉ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል፣ ቀነ ገደቡ ያልፋል፣ ጥፋቱም «ኢሜይሉን አላየም» ተብሎ በተቀባዩ ላይ ይላከካል። ይህ በደል ነው። በአውቶማቲክ የሚላክ ኢሜይል ሳይደርስ ሲቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽቱ ያለው ላኪው ዘንድ ነው፤ የመፈለግና የመጠገን ግዴታውም የላኪው ነው።

ሠራተኛው «ልከናል» ሲል አይዋሽም። ያየው ግን የመንገዱን መጀመሪያ ብቻ ነው። ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የተሠሩበት ወርድፕሬስ፣ ሴቲንጉን የለወጠው ከሌለ፣ ኢሜይሉን ድረ ገጹ ላረፈበት ሰርቨር ያስረክብና ሥራው እንደተሳካ ይመዘግባል። የተሳካው ርክክቡ ነው። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ኢሜይሉን ያውጣው አያውጣው፣ ጂሜይል ይቀበለው ይጣለው፣ ፕሮግራሙ አያውቅም።

እንደ ጂሜይል ያሉ ተቀባይ አገልግሎቶች ለምን ተጠራጣሪ ሆኑ? ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ጽፎ ያወጣው ኤስኤምቲፒ የተባለው የመላላኪያ ደንብ የላኪውን ማንነት አያጣራም ነበር። ፖስታ ጀርባ ላይ የፈለጉትን ስም ጽፎ እንደ መጣል ነው። አጭበርባሪዎች ይህን ክፍተት ተጠቀሙበት፤ በባንክና በመሥሪያ ቤት ስም የሚላከው ሐሰተኛ ኢሜይል ሲበዛ ሦስት ማጣሪያዎች ተበጁ። ኤስፒኤፍ በአንድ ዶሜይን ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም በእያንዳንዱ ኢሜይል ላይ ዲጂታል ፊርማ ያኖራል። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱን ተቀባዩ ከሚያየው የላኪ አድራሻ ጋር ያመሳክራል፤ አንዱም ካልተስማማ ምን እንደሚደረግም ያዛል። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ማንኛውም ላኪ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢያንስ አንዱን እንዲያሟላ ግድ አሉ። ወደ ጂሜይል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ሦስቱንም ማሟላት አለበት።

ምርመራው የሚጀመረው ከቀላሉ ነው። ከድረ ገጹ ወደ ጂሜይል አንድ የሙከራ ኢሜይል ይላካል። ከደረሰ፣ በኮምፒውተር ተከፍቶ ከሦስቱ ነጥቦች ሥር «ሾው ኦሪጂናል» የሚለው ይጫናል። በሚከፈተው ገጽ አናት ላይ የሦስቱ ማጣሪያዎች ስም ተደርድሮ፣ ከየጎናቸው «ፓስ» ወይም «ፌይል» ተጽፎ ይታያል። ጨርሶ ካልደረሰ የሰርቨሩን ሎግ ማየት ነው። በ4 የሚጀምር የመልስ ቁጥር «ቆይተህ ሞክር» ማለት ሲሆን፣ በ5 የሚጀምረው «አልቀበልም» ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥሩ ቀጥሎ ይጻፋል።

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ስህተት በመጠይቅ ቅጾች ላይ ነው። ጎብኚው የራሱን የያሁ አድራሻ ቅጹ ላይ ይሞላል፤ ቅጹም ያንኑ አድራሻ ላኪ አድርጎ ለመሥሪያ ቤቱ ይልካል። ይህ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር በያሁ ስም ሲልክ እንደ መያዝ ነው። ያሁ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 በስሙ ከሌላ ቦታ የሚላክ ኢሜይል ውድቅ ይደረግ ብሎ አውጇል። ስለዚህ ላኪው ምንጊዜም የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ዶሜይን አድራሻ መሆን አለበት፤ የጎብኚው አድራሻ ቦታው «ሪፕላይ ቱ» የሚለው መስመር ነው።

ኤስፒኤፍም የራሱ ወጥመድ አለው። ለአንድ ዶሜይን የሚፈቀደው አንድ መዝገብ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ የኢሜይል አገልግሎት ሲገዛ ባለሙያው ነባሩን ማስተካከል ትቶ ሁለተኛ ከጨመረ፣ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ።

ሌሎቹ ብልሽቶች ቶሎ ይታያሉ። ብዙ የክላውድ ድርጅቶች የኢሜይል መውጫ የሆነውን ፖርት 25 ስለሚዘጉ፣ በኤስኤምቲፒ ፕለጊን አማካይነት በፖርት 587 በይለፍ ቃል መላክ ያስፈልጋል። ወርድፕሬስ በቀጠሮ የሚልከውን ሰው ድረ ገጹን ሲጎበኝ ብቻ ስለሚቀሰቅስ፣ ጎብኚ በሌለው ገጽ ላይ ማስታወሻው ተኝቶ ያድራል። የአስተዳዳሪው አድራሻ ሥራውን ከለቀቀ ባለሙያ ጋር ቀርቶ ከሆነም ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳሉ።

«ዛሬ ቴሌግራምና አጭር የስልክ መልእክት እያሉ ኢሜይልን ማን ያያል?» የሚሉ አሉ። የይለፍ ቃል መቀየሪያና ደረሰኝ ግን ዛሬም በብዛት በኢሜይል ይመጣል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ አገር ቤት ጉዳይ የሚያስፈጽም፣ የአገር ውስጥ ስልክ ቁጥር የሌለው ሰው አጭር መልእክት ይደርሰዋል ተብሎ አይታሰብም።

ድረ ገጽ ሠሪው በሆስቲንግ ድርጅቱ፣ ሆስቲንጉ በጂሜይል ሲያመካኝ ተገልጋዩ መሐል ይቀራል። መፍትሔው ውሉ ላይ ነው። ድረ ገጽ የሚያሠራ ትምህርት ቤት፣ ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት፣ ከቅጹ የሚወጣው ኢሜይል ጂሜይል፣ ያሁና አውትሉክ መድረሱ በፊቱ ተሞክሮ እንዲታይ፣ ሦስቱም ማጣሪያዎች «ፓስ» እንዲሉና የዶሜይኑ የይለፍ ቃል በእጁ እንዲገባ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ሎጉን በየሳምንቱ የሚያይ ሠራተኛም ይመድብ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክን ማስመዝገብ የፈቃድ ክፍያ የለበትም፤ ይህ እስኪሟላ የመጨረሻው ክፍያ ለሠሪው ባይለቀቅ ተገቢ ነው።