ስጋቱ የሚለካው በማን ላይ ነው?

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ጥገና ከመደረጉ በፊት የሕመምተኛውን ዕድሜ፣ ክብደት፣ የልብና የሳምባ አቅም በነጥብ መዝግቦ በኋላ የሚገጥመውን መዘዝ መተንበይ ይቻላል የሚለው እምነት በሕክምናው ዓለም ሥር የሰደደ ነው። ለኢትዮጵያ የጎደላትም አስተማማኝ የስጋት መለኪያ ሠንጠረዥ ነው የሚለው አስተያየት የሚመነጨው ከዚሁ ሲሆን፣ ስጋቱን የሕመምተኛው ብቻ ንብረት አድርጎ በመውሰዱ ከመነሻው ይሳሳታል።

ቀዶ ጥገናው የታመመውን የቧንቧ ክፍል ቆርጦ ካወጣ በኋላ ጨጓራን ወደ ደረት ወይም ወደ አንገት ስቦ ከቀረው ጋር ስለሚሰፋ፣ ከሁሉ በላይ የሚፈሩት የስፌቱ ማፍሰስና የሳምባ ምች ናቸው። የቀዶ ጥገናን መዘዝና ሞት ለመተንበይ እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የተዘጋጀው ፖሰም የተባለ ስሌት 18 መለኪያዎች ነበሩት፤ በ2004 ለምግብ ቧንቧና ለጨጓራ ተብሎ የተቀመረው ተከታዩ ደግሞ በሆላንድ ሲፈተሽ የሟቾችን ቁጥር አጋንኖ ተነበየ። ከእንግሊዝ ሆላንድ ድረስ መዝለቅ ያልቻለ ስሌት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲደርስ ይሠራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የአስተሳሰቡን ጉድለት ከሁሉ ይልቅ ያጋለጠው ኢትዮጵያን ጨምሮ በ25 አገሮች ከ11,000 በላይ ሕመምተኞችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የአፍሪካ የቀዶ ጥገና ውጤት ጥናት ነው። ሕመምተኞቹ ከሌላው ዓለም ይልቅ ወጣቶችና ተጓዳኝ ሕመም ያልበዛባቸው፣ ማለትም ማንኛውም ሠንጠረዥ ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጣቸው ሆነው ሳለ፣ የሞታቸው መጠን የዓለም አማካይ እጥፍ ሆነ። መዘዝ የገጠማቸው 18 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ ይህ ከሌላው ዓለም ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ መዘዙ ከመጣ በኋላ ደርሶ የሚያተርፍ በመጥፋቱ ላይ ሲሆን፣ ከሟቾቹም አብዛኞቹ የሞቱት በቀዶ ጥገናው ዕለት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ ከዚሁ መረጃ የራሳቸውን የነጥብ ስሌት ቀምረው፣ ስጋታቸው ከፍ ያለ ሕመምተኞች ለነርሶች ቀረብ ብለው እንዲተኙ፣ ቶሎ ቶሎ እንዲታዩና አስታማሚ ከአጠገባቸው እንዳይለይ በማድረግ 29,000 ገደማ ሰዎች የተካተቱበት ሙከራ አካሄዱ። በ2021 የታወቀው ውጤት ግን ሞቱ አለመቀነሱን አሳየ። መመሪያው በሚገባ ስላልተፈጸመ ነው የሚል መከላከያ ይቀርባል፤ ያልተፈጸመው ግን የሚፈጽመው የሰው ኃይል ባለመኖሩ ከሆነ፣ መከላከያው ራሱ ምስክርነት ይሆናል። ጥናቶቹ የተለያዩ ቀዶ ጥገናዎችን ማካተታቸውም ክርክሩን አያላላም፤ የምግብ ቧንቧው ከከባዶቹ አንዱ ነውና።

ከጥያ፣ ከቡታጅራ ወይም ከወልቂጤ አካባቢ የሚመጣ ገበሬ ብዙውን ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ቆጮና እንጀራ አልወርድ ብሎት በወተትና በአጥሚት ከሰነበተ በኋላ ነው። አንዳንድ ሠንጠረዥ ከቀድሞ ክብደቱ ስንት በመቶ እንደቀነሰ ይጠይቃል፤ ከመታመሙ በፊት ሚዛን ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? በ14 አገሮች ያሉ ታዋቂ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት የጋራ መረጃ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 2.4 በመቶ፣ በ90 ቀን ውስጥ ግን 4.5 በመቶ መሆናቸው ደግሞ፣ ከሞቱ ግማሽ ያህሉ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ በሚመለስባቸው ወራት እንደሚደርስ ያመለክታል። ከአዲስ አበባ ጥያ ድረስ ያለውን መንገድ የሚቆጥር ሠንጠረዥ ግን የለም።

ነጥቡ ለቤተሰብ ለማስረዳት ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ ለማስረዳት ግን ቅን ሐኪም ይበቃል። የሆስፒታሉን ድርሻ በተመለከተ ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሰፊ ጥናት ይህን ቀዶ ጥገና እምብዛም በማይሠሩ ሆስፒታሎች 20 በመቶ ገደማ፣ አዘውትረው በሚሠሩት 8 በመቶ ገደማ ሞት መዝግቧል። ስለዚህ በቅጹ የመጀመሪያ መስመር ላይ መስፈር ያለበት ሆስፒታሉ በዓመት ስንት እንደሚሠራና በሌሊት ስንት ነርስ እንደሚያሳድር ነው፤ ይህ እስኪሞላ ድረስ ማንም የቡታጅራ ሕመምተኛ በነጥብ ምክንያት ከቀዶ ጥገና ሊመለስ አይገባም።