ስለ በጋ የአየር ጠባይ ማስታወቂያ

በስሜን ተራራ በረዶ መጣሉ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአዱሊስ በድንጋይ የተቀረጸው የጥንት ንጉሥ ጽሑፍ እንኳ እስከ ጉልበት ስለሚያሰጥመው በረዶ ይናገራል። የወልድያንና የመርሳን ገበሬ የሚያሰጋው ግን ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ በጠራበት ሌሊት የምድር ሙቀት ወደ ላይ ስለሚያመልጥ፥ በደጋው ውርጭ ባቄላውን ያቃጥላል፤ በሀብሩ ቆላ ደግሞ ያለጊዜው የወረደ ዝናብ የታጨደውን ጤፍና ማሽላ ያበሰብሳል።

የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋውን ትንበያ ያወጣል፤ ዳሩ ግን ወረቀቱ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሣጥን ከተኛ ምን ይረባል? ግዕዝ በረድ፥ ሐመዳ፥ አስሐትያ ብሎ የለየውን ካህናት ያውቁታል። እንግዲህ ሹማምንት ሁሉን «ቅዝቃዜ» በሚል አንድ ቃል ሳይደፍኑ፥ ውርጩን ከዝናቡ ለይተው፥ አጨዳው ሳያልፍ በዐውደ ምሕረት፥ በመስጊድና በገበያ ያስነብቡት።