ሆድ እንደ ተከፈተ የሚጠበቅ መልስ

ከጎንደር ከአራዳ አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ስለ ልጃቸው ጽፈውልናል። ልጅቱ አግብታ ገና አልወለደችም፤ ሐኪሞች ኦቫሪ በሚሉት፥ እንቍላል በሚያፈራው አካል ላይ ዕጢ ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ታዞላታል። ሐኪሙም «ዕጢውን በሥራው መካከል እናስመረምራለን፤ ነቀርሳ ከሆነ ማኅፀኗንም እናወጣለን» ብለዋቸዋል። እናቲቱ «በግማሽ ሰዓት የሚሰጥ ፍርድ ይታመናልን?» ብለው ይጠይቃሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። የወጣው ዕጢ በመድኃኒት ሳይነከር ወደ ፓቶሎጂስቱ ይሰደዳል። እርሱም ከዕጢው ቍራሽ ወስዶ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያህል ብርድ ያረጋዋል፤ ከጠጕር ይልቅ አቅጥኖ ይቈርጠውና ቀለም አግብቶ በማይክሮስኮፕ ይመለከተዋል። መልሱ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ይደርሳል። ዋናው ምርመራ ግን ሥጋው በፎርማሊን ተነክሮ በሰም ተይዞ የሚደረገው ነው፤ እርሱም ቀናት ይፈልጋል።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1891 በአሜሪካ በባልቲሞር ዶክተር ዌልች ከጡት የወጣ ዕጢ በዚህ መንገድ ሲመረምሩ፥ ቀዳጁ ዶክተር ሆልስቴድ መልሱን ሳይሰሙ ሥራቸውን ጨርሰው ነበር ይባላል። በ1905 በሚኒሶታ ዶክተር ዊልሰን ሥጋውን በክረምት በመስኮት አውጥተው በደጁ ብርድ አረጉት። የዳባትና የደባርቅ ውርጭ ብርቱ ቢሆንም ለዚህ አይበቃም፤ ዛሬ የሚያበርደው መኪና ነው።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። በ2016 ኮክሬን የተባለው ድርጅት 38 ጥናቶችን አሰባስቦ መርምሯል። ሒሳቡም ይህ ነው፤ ከ1000 ሴቶች 290ው ነቀርሳ ቢኖርባቸው፥ 80ው ደግሞ በደጉና በክፉው መካከል የቆመ ዕጢ ቢኖርባቸው፥ ፈጣኑ ምርመራ ከ290ው 261ዱን ያገኛል፥ 29ኙን ይስታል። ነቀርሳ ከሌለባቸው 710 ሴቶች በስሕተት «ነቀርሳ ነው» የሚላቸው 4 ብቻ ናቸው። እንግዲህ «ነቀርሳ ነው» የሚለው መልስ እጅግ የታመነ ነው። የሚያሠጋው «በመካከል የቆመ ነው» ሲባል ነው፤ እንዲህ ከተባሉት 100 ሴቶች 21ዱ በዋናው ምርመራ ነቀርሳ ሆኖ ይገኝባቸዋል።

ምክንያቱ የፓቶሎጂስቱ ስንፍና አይደለም። የሰው ራስ ከሚያህል ዕጢ በዚያ አጭር ሰዓት የሚታየው ጥቂት ቍራሽ ነው፤ ክፋቱም ባልተቈረጠው ወገን ተሸሽጎ ይቀር ይሆናል። ውርጩም የሥጋውን መልክ ያበላሻል።

ስለዚህ ወይዘሮዋ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙን አንድ ነገር እንዲጠይቁ እንመክራለን፤ መልሱ አጠራጣሪ ቢሆን ምን ይደረጋል? በእኛ አሳብ፥ መውለድ ለምትሻ ወጣት የታመመውን አካል ብቻ አውጥቶ ዋናውን መልስ መጠበቅ ይሻላል። ሁለተኛ መቀደድ ቢያስፈልግ ከባድ ነው፤ ነገር ግን የወጣ ማኅፀን አይመለስም። ነቀርሳ ሆኖ እንኳ ቢገኝ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ከሆነ፥ እንደ ዓይነቱ፥ ማኅፀኑን ማትረፍ የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ይህንም ይጠይቁ።

አንድ ነገር እንጨምር። በደብዳቤው የእናቲቱን አሳብ አንብበናል፥ የባልዮውንም እንዲሁ። የልጅቱን ግን አላገኘንም። ማደንዘዣው ሳይሰጣት በፊት ፈቃዷን የምትሰጠው እርስዋ ናትና፥ ከሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ አስቀድማ እርስዋ ትናገር።